የአርብ ገበያው ወፍጮና የደጉ መዳብ

ባለፈው ሰሞን መነጽሬን ላስቀይር ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር ስሄድ፣ የተሳፈርንበት አውቶቡስ ዳገቱን ገና ሳያጋምስ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። ሞቅ ያለ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ውስጡ የተቃጠለ ነገር ያለበት የውሃ ሽታ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ነርስ መስኮቱን ከፈት አድርጋ ወደ ስልኳ ተመለሰች። እኔ ግን ወለሉን በከዘራዬ መታሁና «ሹፌር፣ አቁም፤ ሞተርህ ውሃውን እየበላ ነው» አልኩ። ረዳቱ ዞር ብሎ ሳቀብኝ። «አባባ፣ አይስጉ፤ ዳገት ስለሆነ ነው» አለኝ። ሁለት ኩርባ እንደሄድን ከኋላችን ነጭ ጭስ እንደ ጉም ተጎልጉሎ መንገዱን ሸፈነው። ወርደን በየድንጋዩ ላይ ተቀመጥን። በስልክ የተጠራው ወጣት መካኒክ በሞተር ሳይክል ደርሶ ከፍቶ ሲያይ «ኦቨርሂት አድርጎ ጋስኬቱን በልቶታል» አለ። በእኛ ጊዜ ጓርኒሲዮን ነበር የምንለው። በሞተሩ ገላና ቴስታታ በሚባለው ክዳኑ መካከል የሚነጠፍ ስስ ገበታ ነው፤ እሳቱን፣ ውሃውንና ዘይቱን እንዳይገናኙ ለያይቶ ይይዛል። እሱ ከተቃጠለ ሦስቱ ይገናኛሉ፤ ሦስቱ ከተገናኙ ሞተር የለም። ሹፌሩ ግን ስለ ገበታው አልጠየቀም። «ትናንት ማን ነው የነካብኝ? ጋራዥ ነው እኮ ያደረው! ሆን ብለው ነው!» እያለ ይዞር ጀመር። ተሳፋሪውም ወዲያው ሰው መፈለግ ያዘ፤ አንዱ ረዳቱን በጎን ያየዋል፣ አንዲት ሴትዮ ጠዋት መነኻሪያ ላይ ስላየችው፣ ፊቱ ስላላማራት ሰው ታወራለች። እኔ ከዘራዬን ተደግፌ አየኋቸው። ነገሩን ዐውቀዋለሁ። ጓርኒሲዮን ሲቃጠል መጀመሪያ የሚፈለገው ሰው ነው።

ያን ጊዜ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ነበርኩ። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ በየቢሮው ግድግዳ የተሰቀለው ፎቶግራፍ ወርዶ ሌላ የተሰቀለበት ሰሞን ነው፤ ከዚያ በላይ አላስታውስም። የማስታውሰው ሌላ ነው። አንድ ቁና እህል ለማስፈጨት አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ስሙኒ ይዞ ጠላ ቤት የገባ ሰው ጠጥቶ መልስ ይቀበላል። ገበሬው ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ ያደርጋል፤ አስተማሪና ጸሐፊ ደግሞ በሚያብረቀርቅ የቴትሮን ሸሚዙ ኪስ ላይ ብዕር ሰክቶ ይወጣል። እኔም ደብረ ታቦር ያሰፋሁት፣ እግሩ መንገዱን የሚጠርግ ሰፊ ሱሪ ነበረኝ፤ ሥራ በሌለበት ቀን እሱን ለብሼ ከጨው ተራ እስከ በርበሬ ተራ እመላለሳለሁ። ጨው ተራው ጥግ ላይ ራዲዮ ያለው አንድ ባለ ሱቅ ነበር፤ ዘፈን ሲመጣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ዜና ሲመጣ ዝቅ። ዕድሜ የሰጠው ያ ብልኃቱ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ። አምና ለአንድ ለቅሶ ሄጄ ያንን ጥግ ባየው የስልክ ሽፋንና የሞባይል ካርድ ይሸጥበታል። የገበያው ድምፅ ግን ያው ነው፤ አርብ ሲመጣ ከቆላውም ከደጋውም በእግርና በአህያ የሚጎርፈው ሰው ያው ነው። ይህን ሁሉ ሰው፣ ያን ጊዜ፣ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነበር የሚመግበው፤ ወፍጮ ያለው።

ወፍጮው የእትዬ ጥሩወርቅ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ባሏ የሞተባት፣ ቁመቷ የሎጋ፣ ንግግሯ የአጭር ሴት ናት። ሁለት ጥማድ በሬዎቿን ሸጣ፣ መንገድ ሠሪዎች ካምፕ ነቅለው ሲሄዱ የተዉትን ሞተር ገዛች። ሞተሩ ባለ ሁለት ፒስቶን ነው። የቀድሞ ባለቤቱ ጉልበት እንዲጨምር ብሎ ሁለቱንም ሲሊንደር በቶርኖ አስፍቶ ከልኩ በላይ ትልቅ ፒስቶን አስገብቶበታል፤ ጉድጓዱ የጡት ልጅ ጭንቅላት ያስገባል። እውነትም ጉልበታም ነበር፤ ሁለት ድንጋይ አንድ ላይ ያዞራል፤ ሲነሣ የአካባቢው ውሻ ሁሉ ይጮኻል። እኔን የቀጠረችኝ መካኒክ ነኝ ብያት ነው። መካኒክ አልነበርኩም። ደብረ ታቦር ጋራዥ ውስጥ ሦስት ዓመት ዕቃ ያጠብኩ፣ ጎማ የፈታሁ፣ ጌታዬ ቴስታታ ሲገጥም ከዳር ቆሜ ያየሁ ሰው ነኝ። ሥራው ሳያልቅልኝ ተጣልቼው ወጣሁ። ይህን ለእትዬ ጥሩወርቅ አልነገርኳትም። እሷ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጄን አየት ስታደርግ ከፊቷ ላይ አንድ ጥያቄ አነብ ነበር፤ ወይም ያነበብኩት የራሴን ፍርሃት ነው።

የመጀመሪያው ጓርኒሲዮን የተቃጠለው በአርብ ነው። ጭሱ ነጣ፣ ዘይቱ እንደ አጥሚት ወፈረ፣ ሞተሩ አቃስቶ ቆመ። ከደብረ ታቦር ሌላ አስመጥቼ ገጠምኩ። አንድ ወር ሳይሞላ ሁለተኛው ተቃጠለ፤ እሱም በአርብ። የተቃጠለበትም ቦታ ያው ነው፤ በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል፣ ግድግዳው ከማስፋቱ የተነሣ እንደ ጣት በቀጠነበት ላይ። ያን ጊዜ መጠርጠር ጀመርኩ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዕቃውን የሸጠልኝን ነጋዴ ነው፤ ሌላ ሞተር ላይ የተሠራበት አሮጌ ዕቃ ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ ከታች ወንዝ ዳር የውሃ ወፍጮ ያለውን ሰውዬ ጠረጠርኩ፤ በእኛ መቆም የሚጠቀም እሱ ነውና ናፍታው ላይ ውሃ አስጨመረ ብዬ በርሜሉን በቁልፍ ዘጋሁ። ገበያተኛው ግን ሌላ ሰው ጠርጥሮ ነበር። ከገበያው ጀርባ ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጥ ደጉ የሚባል ሰው ነበር፤ የአባቴ እኩያ፣ ክንዱ በፍንጣሪ የተዥጎረጎረ፣ ዝምተኛ። በሁለቱም አርብ እህሉን አስፈጭቶ ሳይሄድ በራችን ላይ ቆሞ ሞተሩን ሲያይ ታይቷል። ቀጥቃጭ ደግሞ በእኛ አገር ምን እንደሚባል ማንም ያውቀዋል። ማረሻውን ይገዙታል፣ እጁን አይጨብጡትም፤ ትኩር ብሎ ካየ ልጃቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ።

ሁለተኛውን ስፈታ ይኸው ደጉ አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ።

«አንተ ልጅ፣ ይህ ክዳን ቀጥ ያለ አይመስለኝም» አለኝ።

«ምኑ?»

«ክዳኑ። መካከሉ የጎበጠ ይመስላል። ማረሻም ከእሳት እንደወጣ ያለ ጊዜው ውሃ ከነካው እንዲሁ ይጎብጣል። ቀጥ ያለ ብረት አጋድምበትና በሥሩ ወደ ፀሐይ እይ። ብርሃን ካሾለከ ጎብጧል።»

«ይሄ ማረሻ አይደለም» አልኩት።

«ብረት ብረት ነው።»

«አንተ ማረሻህን ቀጥቅጥ፤ ሞተሩን ለእኔ ተወው» አልኩት። የአባቴን እኩያ «አንተ» ብዬ ነው፤ ያን ጊዜ ለቀጥቃጭ «አንቱ» የሚል አልነበረም። እሱም መሬቱን ተመርኩዞ ተነሣና ሄደ። እኔን ግን ነገሩ ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም። ለምን ነገረኝ? ማን ላከው? ባለ ውሃ ወፍጮው ይሆን? ወይስ እንጀራዬን ሊነጥቀኝ ነው? ክዳኑን በፀሐይ ሳላየው መልሼ ገጠምኩት፤ ባየውና እውነት ቢሆን፣ ሞተር የማያውቅ ሰው ከእኔ በለጠ ማለት ነውና ፈራሁ። ብሎኖቹን ከአንድ ዳር ጀምሬ እስከ ሌላው ዳር፣ በረጅም ቧንቧ ታግዤ፣ እስኪንቋቋ አጠበቅኋቸው። ማጥበቅ ማለት ጉልበት ይመስለኝ ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ በበኩሏ ጠበል ልታስረጭ ፈለገች። ከእኛው ጋይንት ቤተ ልሔም የመጡ አንድ የድጓ መምህር ያን ሰሞን ዘመዶቻቸው ዘንድ ሰንብተው ነበርና እሳቸውን ጠራቻቸው። የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ፣ ሞተሩን ዞረው አዩ፣ ጣታቸውን ዘይቱ ላይ ነክተው አሸተቱ። «እመቤቴ፣ ጠበል ለሰው ነው» አሏት። «ሞተሩን መካኒኩ ይመርምረው። መካኒኩን ደግሞ የንስሐ አባቱ ይመርምረው።» ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ግን ሲወጡ እኔን አይተው ያለፉበት አስተያየት አንገቴ ሥር ቀረ። ማን ምን ነገራቸው ብዬ ለሦስት ቀን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስመረምር ከረምኩ።

ሦስተኛው ከጥምቀት በፊት ባለው የመጨረሻ አርብ ነው። ለበዓሉ የሚያስፈጭ ሰው ከበሩ አልፎ እስከ ጨው ተራ ተሰልፏል። እትዬ ጥሩወርቅ «ሁለቱንም ድንጋይ አዙር፤ ሰው ሳይመሽበት ይግባ» አለች። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ናፍታውን እስከ መጨረሻ ከፈትኩት። እኩለ ቀን ላይ ውሃው ጎደለ፤ እንዳይቆም ብዬ እየሠራ ሳለ ከእንስራ ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳሁና ጨመርኩበት። በየአርቡ የማደርገው ነበር። ጥቂት ቆይቶ የጠብመንጃ ዓይነት ድምፅ ተሰማ፤ እንፋሎት ቤቱን ሞላው፤ ሴቶች ቁናቸውን ጥለው ጮኹ። እንፋሎቱ ሲገለጥ ደጉ በሩ ላይ ቆሟል። የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥ ሰምቶ ሊነግረን ይመጣ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ቀን ግን ሁሉም ያየው መቆሙን ብቻ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ በሰዉ ሁሉ ፊት ጠየቀችኝ።

«አያልነህ፣ እውነቱን ንገረኝ። ጥፋቱ ከእጅህ ነው ወይስ ከሌላ?»

«እትዬ፣ እጄ የሚችለውን ሠርቷል» አልኳት። «ከእጅ በላይ የሆነ ነገር ካለ እኔ አላውቅም።»

ይህን ስል ዓይኔ ወደ ደጉ ሄደ። ስሙን አልጠራሁም። ዓይኔ ብቻ ነው የሄደው፤ የመቶ ሰውም ዓይን ተከትሎት ሄደ። በዚያ ገበያ ሰው የጎዳ ዓይን ከነበረ የእኔ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላዘዘውም፤ ማንም ግን አላስቆመውም። ማረሻው የሚገዛው ጠፋ። ሚስቱ ምንጭ ስትወርድ ሌሎቹ እንስራቸውን አንሥተው ይሸሻሉ። አንድ ቀን ጣሪያው ላይ ድንጋይ ወረደ። ሽማግሌዎች ገብተው «ብትሄድ ይሻላል፤ ለአንተም ለልጆችህም ብለን ነው» አሉት አሉ። በሦስተኛው ሳምንት፣ በአርብ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያው መካከል ሄደ። ሁለት አህዮች ነበሩ፤ በአንዱ ላይ ወናፉና መስፉ፣ በሌላው ላይ ድስቱና አጎዛው ተጭኗል። ሚስቱ ትንሿን አዝላ ከኋላ ትከተላለች። ገበያው ሳይነገረው ለሁለት ተከፈለና መንገድ ሰጠ። ሲጮኽ የነበረው ሁሉ ዝም አለ፤ የባለ ሱቁ ራዲዮ ብቻ አንድ የሠርግ ዘፈን ይዘፍን ነበር። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ፀሐይ ላይ እየው» ብሎኝ ብቻ አህያውን ነዳ።

አዲስ ጓርኒሲዮን ደርሶ ሞተሩን ከገጠምኩ በኋላ በማክሰኞ ቀን፣ ገበያ በሌለበት፣ ማንም ሳይኖር አስነሥቼ የራዲያተሩን አፍ ከፈትኩ። ውሃው እንደሚፈላ ንፍሮ አረፋ ይደፍቃል። ሳይሞቅ! እሳቱ ወደ ውሃው እየሾለከ ነው። ደጉ ጎረቤት ወረዳ፣ ስማዳ ገብቷል፤ የሚያይ ዓይን የለም፤ እኔና ሞተሩ ብቻ ነን። አጠፋሁና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ከአንድ ጎረቤት አናጢ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ተውሼ፣ ክዳኑን አውጥቼ፣ አጽድቼ፣ ማስመሪያውን አጋድሜ ወደ ፀሐይ ያዝኩት። በመካከሉ፣ በሁለቱ ጉድጓዶች አንጻር፣ እንደ ጥፍር ጫፍ የቀጠነ ብርሃን አሾለከ። ደጋግሜ አየሁት። ከዚያ ለእትዬ ጥሩወርቅ «ደብረ ታቦር ሄጄ ላስጠርገው» አልኳትና ክዳኑን በጆንያ ጠቅልዬ ጫንኩ።

ባለ ቶርኖው ሽማግሌ ክዳኑን ገልብጠው አይተው «ማን ነው እንዲህ ያሠቃየው?» አሉኝ። «ሌላ ሰው ነው» አልኩ። እሳቸውም ለዚያ ለሌላው ሰው እንድነግረው አስተማሩኝ። «ብሎን ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር ነው የሚጠብቀው፤ እሱም ባንድ ጊዜ አይደለም፣ በሦስት ዙር፣ ሁሉም እኩል እስኪሆን። አንድ ጊዜ ሞቆ ከበረደ በኋላ እንደገና ይታያል። የተለጠጠ አሮጌ ብሎን አይመለስም። ገበታው የሚያርፍበት ቦታ እንደ መስተዋት ካልጠራ አይገጠምም። እንዲህ ሲሊንደሩ የሰፋ ጉልበታም ሞተር ደግሞ ግድግዳው ቀጭን ነው፤ ሳይሞቅ አታስጨንቀው፣ ናፍታ አታብዛበት። ውሃ ቢጎድልም እስኪበርድ ጠብቅ። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሰሰ ሰው ክዳኑን በገዛ እጁ አጎበጠው።» እያንዳንዱን ቃል ስሰማ የራሴ እጅ ከእንስራ ውሃ ሲቀዳ ይታየኝ ነበር። ክዳኑን ልጠው ቀጥ አደረጉልኝ። ተመልሼ እንደነገሩኝ ገጠምኩት። ከዚያ ወዲያ ያ ሞተር ሁለት ክረምት ሙሉ አንድ ቀን አላቃሰተም።

ሰዉ ታዲያ ምን አለ? «አያችሁ! ደጉ ሲሄድ ሞተሩ ዳነ።» ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማን ይፈልጋል? እኔም የሞተር ሐኪም ተባልኩ። ከነፋስ መውጫ ድረስ ይጠሩኝ ጀመር፣ ጠላ ቤት ስገባ ቦታ ይለቀቅልኛል። ዝም አልኩ። ዛሬ እናገር፣ ነገ እናገር ስል ዝምታው እንደ ቆሻሻ ዘይት እየወፈረ ሄደ። ከዚያ በኋላ ነው መጠርጠር ምን ማለት እንደሆነ በደንብ የገባኝ። አናጢው «ማስመሪያውን መለስክልኝ ወይ?» ሲለኝ፣ ዐውቋል ብዬ አስባለሁ። ሁለት ሰዎች ጥግ ላይ ቆመው ከሳቁ በእኔ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ «ክዳኑን ያን ጊዜ ምን አደረጉልህ?» ብላ አንድ ጊዜ ብትጠይቀኝ፣ ለሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ዛሬ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ በዚያ ሁለት ዓመት ከሰው ጋር በሙሉ ዓይን የተያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አንድ የጭነት መኪና ስማዳ፣ ወገዳ ላይ ተበላሽቶ ጠሩኝ። ሥራዬን ጨርሼ እጄን ስታጠብ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ምቱን ዐወቅሁት፤ ሁለት ጠበቅ፣ አንድ ላላ። እግሬ ወስዶኝ ደጁ ደረስኩ። ሚስቱ ገና ስታየኝ ልጇን እጇን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችና በሩን ዘጋች። እኔን ፈርታ ልጇን ሸሸገች። ደጉ የጋለ ማረሻ በጉጠት እንደያዘ ቀና አለ።

«ምን ጠፋህ?» አለኝ።

«የጠፋኝ የለም። የምነግርዎ ነገር ኖሮኝ ነው የመጣሁ።»

«አንቱ ሆንኩ እንዴ?» አለ ሳይስቅ።

ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ መካኒክ አለመሆኔን፣ እንስራውን፣ ማስመሪያውን፣ ሽማግሌውን፣ ዓይኔን። እሱ ብረቱ እስኪጠቁር ድረስ መቀጥቀጡን አላቆመም። ስጨርስ ማረሻውን ውሃ ውስጥ ነከረው።

«ብርሃን አሾለከ?» አለኝ።

«አሾለከ።»

«የት ላይ?»

«መካከሉ ላይ። በሁለቱ ጉድጓዶች መካከል።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ለአንድ አፍታ ፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፣ ግምቱ የሰመረለት ባለሙያ ፊት ነው። ከዚያ ግን ጠፋ። «እንግዲህ ለእኔ ነገርኸኝ» አለ። «እኔ ድሮም ዐውቀው ነበር። ለማያውቁት ንገር።»

«ለማን?»

«ቆሞ ለሰማህ ሰው ነዋ። በአርብ።»

ስምንት አርብ አለፈ። በዘጠነኛው ወፍጮውን አጥፍቼ በሩ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ወጣሁና ተናገርኩ። «ሞተሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ደጉ የለበትም። እንደውም ጥፋቱን ያየው እሱ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት» አልኩ። ይሰድቡኛል፣ ይደበድቡኛል ብዬ ነበር። አንድ ያላሰብኩት ነገር መጣ። ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይሄ ልጅ ስማዳ ከርሞ ነው የመጣው አሉ» አለች። ሌላው ተቀበለ፤ «ታዲያስ! ምን አቅምሶት ይሆን?» በአንድ ጊዜ ዓይናቸው በእዝነት ሞላ። አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው «ልጄ፣ ጠበል ግባ፤ ይለቅሃል» አሉኝ። እውነቱን ባወጣሁ ጊዜ እውነቱ ራሱ የደጉ ሥራ ሆነ። ማልቀስ አማረኝ፣ ሳቅም አማረኝ።

ያመነችኝ አንዲት ሰው ናት። እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ውስጥ ጠራችኝና ጆንያ ላይ ተቀመጠች። «ክዳኑን ጠቅልለህ ስትጭን አይቼሃለሁ» አለችኝ። «ደህና ቢሆን ኖሮ አትሸፍነውም ነበር። ያን ጊዜ ጠረጠርኩ። ዝም ያልኩት ሞተሩ ስለዞረልኝ ነው። ስለዚህ ብቻህን አታልቅስ።»

ከዚያ ዘመኑ ከፋ። መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል፤ ራዲዮው ላይ ዜናው በዛና ባለ ሱቁ ጭራሽ ማጥፋት ጀመረ። ናፍታው እንደምንም ይገኝ ነበር፤ መለዋወጫ ግን ጨርሶ ጠፋ። የሞተሩ ጓርኒሲዮን ሲያረጅ ደብረ ታቦርም ባሕር ዳርም ምትክ አልተገኘም። ወፍጮው ቆመ፤ ሰዉ ወይ ሩቁ ወንዝ መውረድ ወይ በቤቱ በድንጋይ ወፍጮ መፍጨት ጀመረ። እትዬ ጥሩወርቅ «ደጉ ከመዳብ ሊሠራው ይችላል ወይ? ሂድና ጠይቅ» ብላ ላከችኝ። አሮጌውን ገበታ ይዤ ሄድኩ። ደጉ ገልብጦ አየው። ከአንድ የአረቄ ማውጫ ላይ የተነሣ ሰፊ የመዳብ ቆርቆሮ ነበረው፤ አሮጌውን አስቀምጦበት በጫፍ ብረት ዙሪያውን ጫረ፣ እያንዳንዱን ቀዳዳ በትዕግሥት ከፈተ፣ ሁለት ቀን ፈጀበት። ከዚያ ፍም ውስጥ አግብቶ እስኪቀላ አጋለውና ውሃ ውስጥ ነከረው። «ብረት ሲነከር ይጠነክራል፤ መዳብ ግን ግሎ ሲበርድ ይለሰልሳል» አለኝ። «ለስላሳ ከሆነ ጉድለቱን ሁሉ ይሞላል።» «ገበታውን የማነጥፈው ግን ራሴ ነኝ፤ በአርብ፣ እኩለ ቀን ላይ» አለ።

መጣም። በሄደበት መንገድ፣ በገበያው መካከል። ሰዉ ዛሬም መንገድ ሰጠው። ገበታውን ነጠፈ፣ ክዳኑን አስቀመጠ፣ እኔ ብሎኖቹን ከመካከል ወደ ዳር በሦስት ዙር አጠበቅሁ። ሞተሩ ሲነሣ በመጀመሪያ በጎኑ ጥቂት ውሃ አላበው፤ ሲሞቅ ግን ደረቀና ቀጥ ብሎ ሄደ። ያን ጊዜ እትዬ ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆመች። «ስሙ!» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት የሚፈጨው እህል ሁሉ የሚፈጨው በደጉ እጅ ሥራ ነው። የተጠየፈ ወንዝ ይውረድ!» ግማሹ ሰው እህሉን ተሸክሞ ወንዝ ወረደ። መውረዱ ግማሽ ቀን፣ መውጣቱ ግማሽ ቀን ነው። እሷ ለጥቂት ሰው ሁለት ድንጋይ ስታዞር ዋለች፤ የናፍታውን ነገር አላነሣችም። በሚቀጥለው አርብ የወረዱት አነሱ። በአራተኛው ሁሉም ተመለሱ፤ ለምን እንደተመለሱ አንድም አልተናገረም። ቁናቸውን ዘርግተው ተሰለፉ፤ ያ ነው የአርብ ገበያ ይቅርታ።

ያን ቀን፣ ገበያው ሲበተን፣ ደጉ እጁን በናፍታ ሲያጥብ ጉልበቱ ላይ ወደቅሁ። «ጋሽ ደጉ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩት።

አነሣኝ። «ይቅር ብዬሃለሁ፤ እግዜርም ይቅር ይበልህ» አለ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ማመን ግን ሌላ ነው። አላምንህም» አለኝ።

ወደ አርብ ገበያ ተመልሶ አልኖረም። ግን መዳቡ በየዓመቱ ወጥቶ እንደገና ግሎ መለስለስ ነበረበትና፣ በየጥቅምቱ፣ እህል ሳይደርስ ወፍጮው ሥራ ሲፈታ፣ ከስማዳ ይመጣል። ሚስቱም ኋላ ኋላ ሰላምታ ትልክልኝ ጀመር። እትዬ ጥሩወርቅ አረጀች፣ ድንጋዮቹ ተለወጡ፣ መለዋወጫውም ገበያ ላይ መልሶ መጣ፤ እሷ ግን መዳቡን አልቀይርም አለች። እኔ ክዳኑን እገጥማለሁ፣ ከመካከል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ ሞቆ ሲበርድ አንድ ጊዜ እንደገና። ስጨርስ ደጉ መፍቻውን ከእጄ ይቀበለኝና ብሎኖቹን አንድ በአንድ ይፈትናቸዋል፤ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ፣ ሳይቸኩል። ጠጉሩ ሙሉ በሙሉ ከነጣ በኋላ አንድ ጊዜ ደፍሬ «ጋሽ ደጉ፣ አሁንም?» አልኩት። «አሁንም» አለኝ።

እስኪሞት ድረስ ወደ ሃያ ጊዜ ያህል መጥቷል። አንድም ጊዜ የላላ አላገኘብኝም። አንድም ጊዜ ግን ሳይፈትን አልሄደም።